ስልኬ ከለከለኝ

ዶርዜ ሃይዞ ብቅ ያለ ቱሪስት ሁሉ የማያመልጠው ሥርዓት አለ። የዝሆን ፊት የመሰለውን የቀርከሃ ቤት ዞሮ ያያል፤ እንሰት ሲፋቅ፣ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ሲጋገር ያያል። ከዚያ ትኩሱን ቆጮ አንዴ በዳጣ አንዴ በማር እያጠቀሰ ይጎርስና መለኪያ አረቄ ተቀብሎ ከአስጎብኚው ጋር «ዮ! ዮ! ዮ!» ይላል። አንድ ቀን ታዲያ ቆጮው ምጣድ ላይ ዘገየና አረቄው ቀደመ። ሁለተኛው «ዮ!» ላይ የአንዱ እንግዳ ስልክ ጮኸ።

«አንሳው በለው፤ ሰው እየፈለገው ነው» አሉ ሸማኔው አጎቴ ለአስጎብኚው።

አስጎብኚው ጠይቆ ተመለሰ። «ሰው አይደለም ጋሼ። ስኳሩ ነው የደወለለት።»

ሰውየው እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱ ላይ የተለጠፈች፣ ሳንቲም የምታህል ነጭ ነገር አሳየ። ከቆዳ ሥር የገባች ቀጭን ክር አለቻት፤ በየጥቂት ደቂቃው ስኳሩን እየለካች ለስልኩ ትነግራለች። በ2014 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ገበያ ላይ የወጣችው የመጀመሪያዋ «ፍሪስታይል ሊብሬ» የተባለች መለኪያ ማንበቢያዋን ካላስጠጉላት አትናገርም ነበር፤ ተከታዮቿ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው መጮህ ለምደዋል። የዚያን ቀን ጩኸት «ወረደ» የሚል ነው። ሰውየው ኢንሱሊኑን ወስዶ፣ ገበያውን ሽቅብ ቁልቁል ሲል ውሎ፣ ምሳ ዘግይቶበት፣ በባዶ ሆዱ አረቄ ጨምሮበታል። ጉበት ደግሞ አልኮል ሲመጣባት እሱን ለማስወገድ ትጠመድና ለደም ስኳር መልቀቁን ቸል ትላለች። ከ70 በታች የወረደ ሰው 15 ግራም ያህል ቶሎ የሚሠራ ስኳር ወስዶ 15 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ሐኪሞች የሚያስተምሩት ይህንን ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ቶሎ የሚሠራ ስኳር ማለት ማር ነው። ሰውየው አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ዋጠ፣ ተቀመጠ፣ ላቡ ደረቀ፣ ስልኩም ዝም አለ።

አጎቴ ይህን ሁሉ ቆመው አዩ። እሳቸውም ስኳር አለባቸው፤ ከማር ጋር ከተለያዩ ቆይተዋል። «የፈረንጁ ስልክ ማር ብላ ይለዋል፤ የኔዋ ነርስ ማር አትንካ ትለኛለች። እኔም የምፈልገው እንዲህ ያለውን ስልክ ነው» አሉ። የኢንተርኔት የስኳር ክትትል ወደ ቤታችን የገባው በዚህ ምኞት ነው።

የአጎቴን ስኳር መጀመሪያ የደረሰበት ሸማው ነበር። ሸማኔ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ ጉድጓድ ደጋግሞ የሚወጣ ሰው ሸማው አይገፋለትም። አጎቴ አንድ ሰሞን መውጣት መግባት አበዙ። ውሃ ይጠጣሉ፣ ወደ ጓሮ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው መወርወሪያውን ሁለቴ ወርወር አድርገው ደግሞ ውሃ ይጠጣሉ። ጋቢ አሠርቶ ቀብድ የከፈለ ሰው እየመጣ ደጃፋቸውን ማንኳኳት ጀመረ። ቀጥሎ ጥለቱ ላይ ቀዩና ብርቱካናማው ክር ሲምታታባቸው ባለቤታቸው እትዬ «የሰው ዓይን ነው የበላህ» ብለው ደመደሙ። ዓይን አልነበረም። በባዶ ሆድ ተለክቶ ከ126 ጀምሮ ያለው የስኳር ሕመም ይባላል፤ የአጎቴ ቁጥር የዚያን እጥፍ አልፎ ተገኘ።

ሊጠይቃቸው ከመጣው ጎረቤት ግማሹ ፊቱ ላይ ቅናት ቢጤ ነበረበት። ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ሲባል የኖረ አይደል፤ «ደብቀኸን ነው እንጂ ለካ ሞልቶልሃል» ያሏቸው አሉ። ጎንደርና ጅማ ያሉ ሐኪሞች ግን ጮማ ዓይቶ በማያውቅ ከሲታ የገጠር ሰው ላይ ስኳር ሲያገኙ ነው የኖሩት። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም በ2025 እ.ኤ.አ. ባንኮክ ላይ፣ ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘው ስኳር «ዓይነት 5» ተብሎ ራሱን ችሎ እንዲታወቅ ወስኗል። የአጎቴ ተራው ዓይነት 2 ነው። ሜትፎርሚን ተሰጣቸው።

ከኪኒኑ ጋር ነርሷ «እግርዎን በየቀኑ ይዩ» የሚል ትእዛዝ ጨመረችላቸው። ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ ሰው ሲቆስል አይሰማውም፣ ካልተሰማው አያክምም፣ ካላከመ መዘዙ እስከ መቆረጥ ነው። የሸማኔ እግር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ መርገጫ ሲረግጥ ነው የሚውለው፤ ውስጥ እግርን ጎንበስ ብሎ ለማየትም በዚያ ዕድሜ የሚታዘዝ ወገብ የለም። የልጅ ልጃቸው፣ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ለእረፍት ስትመጣ ማታ ማታ ውስጥ እግራቸውን በስልኳ ፎቶ ታነሳና አስፍታ ታሳያቸዋለች። ስትሄድ ሥራው ወደ እትዬ ይተላለፋል። ከዚያ በኋላ ያወረድነው አፕ ሁሉ ተደምሮ የዚህችን ፎቶ ያህል ጠቅሟል ለማለት ይቸግረኛል፤ ለፎቶው ደግሞ ኔትወርክም አያስፈልግም። ጉም ጨንቻን ሲያለብሳትም ይሠራል።

አፑን በተመለከተ ልጅቷ ለጋስ ናት። መጀመሪያ ቪየና ውስጥ የተሠራውን፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የስዊዘርላንዱ ሮሽ የገዛውን ማይሹገርን ጫነችላቸው። ይህ አፕ ሕመሙን በትንሽ ጭራቅ መስሎ ያቀርበዋል፤ ቁጥር በመዘገቡ ቁጥር ነጥብ ይሰጥና ጭራቁን እንዲያላምዱት ያበረታታል። አሰልቺውን ሥራ ጨዋታ ማድረጉ ብልህነት ነው፤ እኔ ወድጄዋለሁ። እትዬ ግን ባላቸው በየማለዳው ከቡና በፊት ከጭራቅ ጋር ሲነጋገሩ አይተው አማተቡ። «ስኳሩ ሲገርመኝ ደግሞ ይህን አመጣህብኝ?» አሉና ስልኩ ጠበል የተቀመጠበት መደርደሪያ አጠገብ እንዳያድር ከለከሉ።

ሌላው አፕ የበሉትን ንገሩኝ ባይ ነው። ምሳ ምን ነበር? ቆጮ። አያውቅም። ቡላ። አያውቅም። ልጅቷ ቆጮን በእንግሊዝኛ ፊደል ደጋግማ ብትጽፍለት «ኮኮዋ ማለትዎ ነው?» አላት። ሱሺን ከነአጎት ልጆቹ የሚያውቅ አፕ እንሰትን፣ በደቡብ ስንት ሚሊዮን ሰው የሚኖርበትን ተክል፣ አልሰማም። አገራችን ያዘጋጀችው የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ላይ ቆጮ በስሙ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ከወረቀቱ ወደ ስልኩ የሚያሻግረው ጠፍቶ ነው። ደግሞስ ቢያውቀው? «ስንት ግራም?» ይላል ቀጥሎ። አንድ ትሪ ላይ አምስት ሰው ከብቦ በልቶ የአጎቴ ድርሻ ስንት ግራም እንደነበር ማን ይመስክር? እትዬ በመሀል ያጎረሷቸው ጉርሻስ በማን ስም ይመዘገብ? አጎቴ ጉርሻ የአጉራሹ ነው ብለው ይከራከራሉ። በዚህ ሒሳብ አንዳንድ ቀን ምንም ሳይበሉ ይውላሉ።

ከግራሙ የባሰው ሰዓቱ ነው። ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ቁርስ የሚቀርብበት ቤት ስለሆነ ልጅቷ 12:30 AM ብላ ሞላች። ስልኩ የፈረንጅ ነው፤ ለእሱ 12:30 እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ሌሊት ስድስት ተኩል ላይ ዶርዜ በሙሉ በጋቢ ተጠቅልላ ተኝታ ሳለች ስልኩ ጮኸና መብራቱን ቦግ አደረገ፤ «መድኃኒትዎን ከምግብ ጋር ይውሰዱ» ይላል። እትዬ የሐኪም ትእዛዝ መስሏቸው ተነሡ፣ እሳት አያያዙ፣ ቆጮ አሞቁ። አጎቴ በዚያ ሌሊት እንደበሉት ጥሩ እራት በልተው አያውቁም ይባላል። ጠዋት ቁጥሩ ጣራ ነክቶ ተገኘ፤ አፑም እርስዎ ያጠፉት ነገር ይኖር ይሆን በሚል ትህትና አዘነላቸው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ለንደን ያለችው የእህታቸው ልጅ የራሳቸው የሆነ የስኳር መለኪያ የላከችላቸው። በሰው እጅ፣ በሻንጣ ጥግ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ መጣ። አጎቴ ጣታቸውን ተወጉ፣ ደሙ ስትሪፑ ላይ ነጠበ፣ መስኮቱ ላይ 11 የሚል ቁጥር ወጣ። ባለፈው ቀጠሮ ሁለት መቶ ቤት የነበረ ሰው 11! እትዬ እልል አሉ። አንዱ ጎረቤት «የለንደን ዕቃ እኮ ነው» አለ፣ መለኪያው ራሱ ያዳናቸው ይመስል። አጎቴ ወደ ማሩ እንስራ አቅጣጫ ሲያዩ ልጅቷ የመለኪያውን ወረቀት አነበበች። እንግሊዞች ስኳርን የሚለኩት በሚሊሞል ነው፤ እኛና አሜሪካኖች በሚሊግራም። አንዱን ወደ ሌላው ለማምጣት በ18 ማባዛት ነው። 11 ሲባዛ በ18፣ 198። እንስራው ተከደነ።

ስትሪፕን በተመለከተ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ፦ መለኪያውን በስጦታ የሚሰጥ ዘመድ ሞልቷል፤ ስትሪፑ ሲያልቅ ግን የሚመጣው ከዚያው ከለንደን ነው፤ የአንዱ መለኪያ ስትሪፕ ለሌላው አይሆንምና። ለታማሚው ሰው መለኪያ ከመላክ በፊት አርባ ምንጭ መድኃኒት ቤት ውስጥ የየትኛው ስትሪፕ እንደሚገኝ መጠየቅ ከመለኪያው የበለጠ ስጦታ ነው።

በዚህ መሀል ቲክቶክ ዝም አላለም። ሺሮ ሜዳ የሚሸምነው የአጎቴ ልጅ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ቪዲዮ ላከ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው የሽፈራው ዱቄት ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል እያለ ይምላል። ዋጋው ከነማድረሻው ተጽፏል። ሽፈራው ማለት ጋሞዎች ሃለኮ የምንለው ነው፤ አርባ ምንጭ ውስጥ ሲቀላም ሴቻም በየግቢው የቆመ፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚቀቀል ዛፍ። ሰው ከአዲስ አበባ በፖስታ የሚያዝዘውን አጎቴ ቆላ በወረዱ ቁጥር በሰሃን ይበሉታል። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ አዩትና «እኔ እሱን እየበላሁ ነው ስኳር የያዘኝ» አሉ። ለእሳቸው ቀልድ ነው፤ እንዲህ ባለ ቪዲዮ ኢንሱሊኑን አቋርጦ ሆስፒታል ራሱን ስቶ የሚገባ ሰው ግን አለ፤ ያን ጊዜ ጋዋን ለባሹ ስልኩን አያነሣም።

ግሩፑን ካነሣሁ፣ እሱም የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካ ውስጥ ጆን ኮስቲክ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የአራት ዓመት ልጁ ዓይነት 1 ስኳር ተገኘበት። ልጁ ሰውነት ላይ የተለጠፈው መለኪያ ቁጥሩን የሚያሳየው አጠገቡ ላለ ሰው ብቻ ነው፤ አባት ሥራ ቦታ ተቀምጦ ልቡ ልጁ ዘንድ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ቁጥሩን ወደ ኢንተርኔት የምትልክ ፕሮግራም ጻፈ። ሌሎች ወላጆችም ኩባንያዎቹን አንጠብቅም ብለው ተቀባበሉት፤ ናይትስካውት ተባለ፣ በነፃ ለዓለም ተሠራጨ። የእኛ ናይትስካውት ቴሌግራም ነው። አጎቴ ጠዋት የለኩት ቁጥር በልጅቷ ወይም በጎረቤት ልጅ እጅ ተጽፎ ይላካል። ከለንደን ልብ ይመጣል፣ ከሺሮ ሜዳ የጸሎት እጅ ይመጣል፣ አንዱ ዘመድ ደግሞ በየቀኑ አበባ ያለበት «እንደምን አደራችሁ» ይለጥፍበታል። ቁጥሩ 140 ይሁን 240 ልብና አበባው አይለወጥም፤ እውነቱን ለመናገር ቁጥሩን የሚያነብ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ቁጥሩ የቀረ ቀን ግን ከረፋዱ በፊት ሦስት ቦታ ስልክ ይደወላል። አጎቴ እንዳይለኩ ቢፈልጉ እንኳ ሦስት ሰው ከማስረዳት መለካቱ ይቀላቸዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ስልኩ በዶርዜ ከሠራው ዋና ሥራ ጋር አይወዳደርም። እኛ ዘንድ የቀረበ ምግብ እንቢ የሚባልበት መንገድ አልተጠረገም። «ጠገብኩ» መልስ አይደለም፣ የጨዋታ መጀመሪያ ነው። «ሐኪም ከልክሎኛል» ብትል ባለቤቱ ግራ ቀኝ አይቶ «ሐኪሙ እዚህ አለ እንዴ?» ይላል። «ስኳር አለብኝ» ብትል «ዛሬን ብቻ» ይባላል፤ ነገ ሌላ ቤት ሌላ ዛሬ አለ። ጾም ብቻ ነበር የሚከበር ሰበብ፤ እሱም በፍስክ አያገለግልም።

ልጅቷ ለመድኃኒት ሰዓት ማስታወሻ የራሷን ድምፅ ቀድታ ስልኩ ላይ ደወል አድርጋላቸው ነበር፦ «አባባ፣ በቃ!» ለቀልድ ያደረገችው ነው። አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሁለተኛው ሰሃን ሲመጣ ድምፁ በአጋጣሚ ጮኸ። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ማናት?» አሉ ባለቤቲቱ ጭልፋውን አየር ላይ እንደያዙ።

«ስልኬ ናት። ከለከለችኝ» አሉ አጎቴ።

ጭልፋው ወደ ድስቱ ተመለሰ። ሐኪምን የሚከራከር፣ ነርስን የሚያልፍ፣ ቄስን የሚያስፈቅድ ሕዝብ ከስልክ ጋር ምን ብሎ ይጣላ? ስልክ ይሉኝታ የለውም፤ አይቀየምም፣ አይለመንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ ደወሉን ከጋቢያቸው ሥር በአውራ ጣት ማስጮህ ተማሩ። ፊታቸው አይለወጥም፣ ወሬያቸውን አያቋርጡም፤ እንጀራው ሲጨመር ጋቢው ትንሽ ይንቀሳቀስና «አባባ፣ በቃ!» ይሰማል። እሳቸውም ያዘኑ መስለው እጃቸውን ያነሣሉ። ቪየና ያሉት መሐንዲሶች ይህን ጥቅም አስበውት ይሁን አላውቅም፤ ካላሰቡት ሊጨምሩት ይገባል። እርግጥ አስተናጋጆችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። «ስጠኝማ፣ እኔ ላናግራት» ያሉ አሮጊት አሉ። አንዱ ደግሞ እንግዳ ሲገባ ስልክ በር ላይ ይቀበላል፤ «ቻርጅ ላድርግልህ» በሚል ሰበብ።

ዋናው ፈተና መስቀል ነው። በመስቀል ዶርዜ በሰው ትሞላለች፤ ሺሮ ሜዳ የሚሸምነው ሁሉ ቁጠባውን ይዞ ይገባል፤ በየደጁ «ዮ ማስቃላ!» ነው። ሥጋው አለ፣ ቅቤ የተንቆረቆረበት ቆጮ አለ፣ ከቤት ቤት መዞሩ አለ። አጎቴ አምና ያን ሁሉ በአንድ አውራ ጣት ተወጡት። ማታ ላይ ታዲያ ቤታቸው የተሰበሰበው ሰው የለንደኑን መለኪያ አየ። «እስቲ እኔንም ለካኝ» አለ አንዱ። ልጅቷ ለእያንዳንዱ አዲስ መርፌ እየቀየረች ጀመረች፤ ሁለተኛው ጣቱን ሰጠ፣ ሦስተኛው ተሰለፈ፣ ከጎረቤት ልጆች ተላኩ፣ የሰፈሩ ሰው በየተራ እጁን እየታጠበ ገባ። ለወራት ይበቃል የተባለው ስትሪፕ በአንድ ምሽት ተመናመነ። ብዙው ሰው አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት እያለ በሳቅ ወጣ፤ ልጅቷ በልቧ በ18 እያባዛች ታሳልፋለች።

ከሁሉም ድምፁ ጎልቶ ይሰማ የነበረው አንድ የዕድሜ እኩያቸው ነው። አጎቴን ዓመቱን ሙሉ «የስልክ ባሪያ» ሲላቸው የከረመ፣ በዚያ ምሽትም ሁለት ቤት በልቶ የመጣ። ጣቱን በኩራት ሰጠ። 17 ወጣ።

«አሥራ ሰባት! ጎረምሳ ነኝ ማለት ነው!» ብሎ ተነሥቶ ሊዘፍን ነበር።

ልጅቷ አልሳቀችም። 17 በ18፣ 306። ከግብዣ በኋላም ቢሆን ጤነኛ ሰው እዚያ አይደርስም። ውሃ ይጠማዎታል? ይጠማኛል። ሌሊት ይነሣሉ? ሽማግሌ የማይነሣ ማን አለ? አጎቴ ከጥግ ሆነው ሳል አሉ፣ ምንም ሳይናገሩ።

«ሰኞ በባዶ ሆድዎ ጨንቻ ሆስፒታል ይሂዱና ይለኩ» አለችው።

«ሰኞ የኛ ገበያ ነው።»

«እሺ፣ ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ የጨንቻ ገበያ ነው።»

«የምልክዎት ጨንቻ አይደል እንዴ? ከገበያው በፊት ይገባሉ።»

ማምለጫ አጣ። ከኪሱ በላስቲክ የታሰረች ባለ ቁልፍ ስልኩን አውጥቶ ሰጣት። ቁልፎቹን ነካካችና የማክሰኞን ማስታወሻ ሞልታ መለሰችለት። ሰውየው ስልኩን ወደ መብራቱ አስጠግቶ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ የተጻፈውን ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

«ሁለት ሰዓት ይላል። በማን ሰዓት ነው?»